አርባ አንድ ኮት

ትሪው ላይ አስራ አራት ብርጭቆ ሻይ ነበር። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

በአዳማ ከመርዳሳ ገመዳ የፈጠነ አስተናጋጅ የለም። የአዳማ ነፋስ ራሱ በረንዳው ላይ ሲያገኘው «እለፍ» ብሎ መንገድ ይለቅለታል። በሚሠራበት ሆቴል ውስጥ ግን መርዳሳ የሚባል ሰው አያውቁም። ኑሬ ነው። ኑሬ ሻይ፣ ኑሬ ውሃ፣ ኑሬ ይህን ጠረጴዛ ወልውልልን። አስራ አራት ወር ሙሉ ኑሬ ሆኖ ሲቀዳ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ፊቱን አላየውም። ደመወዙን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት በሩ ላይ ስም የለውም። እዚያ እሱን የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው።

ሰጎን።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። የሻይ እረፍት። አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ባለሥልጣን በሩን ዘግቶ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። የሚመክሩት የመንግሥትን ወጪ ስለመቀነስ ነው። የሠራተኛው ደመወዝ በሩብ ይቀነስ ወይስ በሲሶ? የትኛው ቢሮ ይታጠፍ? ወጪ ለመቀነስ አበል እየታሰበላቸው፣ በአንድ እረፍት የዝዋይን ሐይቅ የሚያጎድል ሻይ ይጠጣሉ።

በላይነሽ ከአዳራሹ ወጣች። የወጪ ቅነሳ ጥናት ቡድኑ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቷ አንድ ወረቀት ጠፍቶባት አያውቅም። ዛሬ ግን ነጠላዋ ስር አንድ ፖስታ ይዛለች።

«ሳምቡሳው ቀዝቅዟል» አለች።

«አሙቄ አመጣለሁ፣ እትዬ።»

ፖስታው ትሪው ላይ ካለው ፎጣ ስር ገባ። በጥድፊያው የአንድ ብርጭቆ ቂጥ ማዕዘኑ ላይ አርፎ ክብ የሻይ ምልክት ተወበት።

«ያለው ይኸው አንዱ ነው» አለች፣ ከንፈሯን ሳታላውስ። «ቀለም ቆጥቡ ተብሎ ሁለተኛ አልታተመም። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውንም አጥፍቼዋለሁ። የስንት ሰው እንጀራ ይቆረጣል ብለህ ስለለመንከኝ ነው። ኑሬ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ደመወዜን እንደሆነ ሊቆርሱት ነው፤ ጭራሽ እንጀራዬን እንዳላጣ።»

«ስምዎ አይነሳም። ቃሌ ነው።»

ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች ሻያቸውን ጨረሱ። አንዱ የራሱን ከፈለ። ሌላውም የራሱን ከፈለ። ሁለቱም ደረሰኝ ጠየቁ።

በአዳማ ሁለት ሰው አብሮ ሻይ ጠጥቶ ለየብቻ ከከፈለ፣ ወይ ተጣልቷል ወይ መንግሥት ነው።

አልተጣሉም።

ተነሱ።

መርዳሳ ወደ ኩሽና ታጠፈ። አልሮጠም፤ የሚሮጥ አስተናጋጅ ሌባ ይመስላል። በጓሮ በር ወጣ፣ ሽርጡን የቲማቲም ሳጥን ላይ ጣለ፣ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

«ሞጆ መውጫ አድርሰኝ።»

«እየነዳሁ ልሂድ ወይስ እየበረርኩ?» አለ ባለባጃጁ።

«እየበረርክ።»

«ለበረራው ዋጋው ሌላ ነው፣ ወንድሜ።»

በመስታወቱ ሁለቱ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ ሲያማትሩ አየ። ባጃጁ በጋሪዎቹ መሃል ተሹለክልኮ የከተማውን አቧራ በሙሉ ከኋላው አስነሳ። ፀሐይዋ እንኳ ለአፍታ የጠፋች መሰለ።

ፖስታውን የከፈተው ያኔ ነው።

«በሥራ ገበታቸው ላይ የማይገኙ ሠራተኞች» ይላል ርዕሱ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ልማድ የታወቀ ነው። ሠራተኛው ጠዋት ገብቶ ኮቱን ወንበሩ ላይ ይሰቅላል፤ ከዚያ ወደ ግል ጉዳዩ ውልቅ ይላል። አለቃ ሲጠይቅ «አሁን ወጣ፤ ኮቱ ይኸውና» ይባላል። የወጪ ቅነሳ ቡድኑ ሦስት ወር ሙሉ በየቢሮው እየዞረ ባለቤት የሌላቸውን ኮቶች ሲቆጥር ከረመ። ወሬውን የሰማ ሥራ ፈት ሁሉ እየሮጠ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ጨርሶ ያልተመለሱት አርባ አንድ ብቻ ናቸው።

ሊመለሱም አይችሉም። ኮታቸውን አንድ ቢሮ ሰቅለው፣ በሌላ ስም በሌላ ከተማ የሚኖሩ ሰላዮች ናቸው። ጠላት በሠላሳ ዓመት ያልቻለውን ሦስት የሒሳብ ሰዎች በአንድ እስክሪብቶ ሠሩት። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለውን ምስጢራዊ ሰው ሁሉ ከነቤተሰቡ አድራሻ መዘገቡት። ምን እንደጻፉ ግን አላወቁም።

ተራ ቁጥር አስራ ሰባት። መርዳሳ ገመዳ። አትክልተኛ። ኮቱ ብቻ ተገኝቷል።

ወረቀቱን አጥፎ ፖስታው ውስጥ መልሶ ከተተ።

ከመውጫው ሚኒባስ ይዞ ሞጆ ደረሰ። ደረቅ ወደቡ አጠገብ፣ ከተሰለፉት የጭነት መኪናዎች ኋላ፣ ነጭ ፒካፕ ይጠብቀዋል። መሪው ላይ ኪዳነወልድ ተቀምጧል። አስራ አንድ ዓመት የመርዳሳ አለቃ ነው፤ የሰጎንን ፊት የሚያውቅ ብቸኛው ሰው። የዝርዝሩን ወሬ መርዳሳ ከበላይነሽ የሰማ ዕለት ሮጦ የነገረው ለእሱ ነበር። «አውጣልኝ» ያለውም እሱ ነው።

«ማን አይቶታል?»

«ከቆጠሩት ሰዎች ሌላ የጻፈችው ብቻ ናት፣ ጋሼ። ምንነቱን ማንም አያውቅም።»

ኪዳነወልድ ፖስታውን ይዞ በኮንቴይነሮቹ መሃል ጠፋ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመለሰ።

«እውነተኛውን የማምነው ሰው ጋ አስቀመጥኩት። የያዝኩት ሐሰተኛ ነው፤ ፖስታውም አዲስ ነው። ስማ። ጫምሳ የሚባል የእህል ደላላ ዝርዝሩን ሊገዛ ይፈልጋል። ከኋላው ያሉት አርባ አንዱን በአንድ ሳምንት ይጨርሷቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡልቡላ ከተማ፣ ሻጭ መስዬ አገኘዋለሁ። አንተ የእህቴ ልጅ ነህ። መልኩን ያዝልኝ፤ በኋላ እንለቅመዋለን።»

«እርስዎ ያውቁታል?»

«በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

መቂን አለፉ። ባቱን አለፉ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ እንደ ጭስ ይነሳል። አንድ ደረቅ ግራር ላይ ጥንብ አንሳዎች ተሰብስበው መኪናዋን በዓይናቸው ሸኟት። ሌላ ጊዜ ወሬ የማያልቅበት ኪዳነወልድ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«ደመወዛችንን በሩብ ሊቀንሱት ነው አሉ። ጡረታዬም አብሮ ይወርዳል።»

«የሁላችንም ነው፣ ጋሼ።»

«የሁላችን» አለ። ነዳጁን ረግጦ ቡልቡላ ገባ።

ሻይ ቤቱ አስፋልቱ ዳር ነው። ቆርቆሮ ጥላ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በሩ ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴት። ጫምሳ ስንጥር እያኘከ ተነስቶ ተቀበላቸው። ጣቱ ላይ ያለው ቀለበት በሬ ይጎትታል።

«አካም ጅርቱ!»

ለመርዳሳ እጁን ሰጠው፤ መልሶ ግን አልወሰደም። ደላላ እህል ሲገዛ መጀመሪያ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ያገላብጣል። ጫምሳም የመርዳሳን መዳፍ እንደዚያ አየው። ፊቱንም አየው።

«ይኼ ነው?»

«እሱ ነው» አለ ኪዳነወልድ።

ፖስታው በጠረጴዛው ስር አልፎ ጫምሳ ጃኬት ውስጥ ገባ። ሦስቱም ለስላሳ ጠጡ። ስለ ዝናብ አወሩ። አስተናጋጇ ጂጂ ሂሳቡን ይዛ መጣች።

ኪዳነወልድ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ላከ። «በሞቴ!»

ጫምሳ እጁን ያዘው። እሱም ጨዋ ነው።

«ኧረ ተዉ ጋሼ! ያለፈውንም እርስዎ ነዎት የከፈሉት።»

የኪዳነወልድ እጅ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

ያለፈውን።

ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ያለፈ ሂሳብ የላቸውም። ሦስት መንግሥት ሲያታልል የኖረውን ኪዳነወልድን ያጋለጠው ጥይትም ምርመራም አይደለም። የጫምሳ እናት ልጇን በሥነ ሥርዓት ማሳደጓ ነው።

መርዳሳ ዓይኑን ወደ ጃኬቱ ዝቅ አደረገ። የፖስታው ማዕዘን ብቅ ብሏል። ላዩ ላይ ክብ የሻይ ምልክት አለ።

እውነተኛው ነው። መርዳሳ ራሱ ደግሞ ናሙናው ነው፤ ከአርባ አንዱ አንዱ።

በጠረጴዛው ስር አንድ ቀዝቃዛ ነገር ጎኑን ነካው። ሽጉጥ።

«ተቀመጥ፣ ሰጎን» አለ ኪዳነወልድ በለሆሳስ።

«አርባ አንድ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«ሠላሳ ዓመት አገልግዬ በሩብ ቀነሱኝ።»

«ገና አልወሰኑም።»

«እኔ ወስኛለሁ።»

መርዳሳ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። ጩኸቱ ሻሸመኔ ድረስ ተሰማ።

«አይደረግም! ታናሻችሁ ቆሜ እናንተ ልትከፍሉ? በአባቴ አጥንት አይደረግም!»

በሁለት እጁ ጫምሳ ደረት ላይ ተከመረ፤ ሰው ሂሳብ እንዳይከፍል ኪሱን እንደሚታገሉት አድርጎ። ሻይ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ልጁ ይክፈል፣ ተዉት!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እንግዳ ቡልቡላ ላይ አይከፍልም!» አለ አንድ ሾፌር። «ጂጂ፣ ከነሱ እንዳትቀበዪ! ወላሂ በኔ ነው!»

ሰባት ሰው ሊገላግል ተነሳ። ሽጉጥ በሰባት ገላጋይ መሃል ምን ያደርጋል? ኪዳነወልድ መልሶ ኮቱ ስር ሸጎጠው። ጫምሳ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ግን ልክፈል ብሎ የሚለምንን ሰው ማን «ሌባ» ብሎ ይጮህበታል? የመርዳሳ ጣቶች ጃኬቱ ውስጥ ገቡ።

ፖስታው ወጣ።

ሦስት እርምጃ። የበቆሎዋ ምድጃ። ፍሙ ላይ ጣለው። ወፍራም ፖስታ ቶሎ አይያዝም። የጫምሳ እጅ ኮሌታው ላይ ደረሰ።

መርዳሳ ቀኝ መዳፉን ፖስታው ላይ ጫነ። ከነፍሙ።

«እጅህን! ኧረ እጅህን!» ጮኸች ሴትዮዋ።

እስከ አርባ አንድ ቆጠረ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ። ያዩት ሰዎች አስር ላይ አነሳ ይላሉ፤ ምቀኞች ናቸው።

አመድ ሆነ።

ሰው ተሯሩጦ ከበበው፤ ውሃ አፈሰሱበት፣ እጁን በነጠላ ጠቀለሉለት። ጫምሳ ኮሌታውን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ፊቱን ደህና አድርጎ አየው፤ የሚረሳ ሰው አስተያየት አልነበረም። ከዚያ ወደ ኪዳነወልድ ዞረ።

«ናሙናው ጥሩ ነበር፣ ጋሼ። እህሉ የታለ?»

ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ሁለት ሰዎች መጡ። ኪዳነወልድን በአክብሮት ግራና ቀኝ ክንዱን ደግፈው ወደ ገዛ ፒካፑ አስገቡት። ፒካፑ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ሐይቅ ታጠፈ። አቧራው ለረጅም ጊዜ አየር ላይ ቆየ።

ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ቢሮው ሲጠየቅ «አሁን ወጣ» ይላሉ። ኮቱ እስከ ዛሬ ወንበሩ ላይ አለ።

አዳማ ላይ የቡድኑ መሪ ዝርዝሩ መጥፋቱን አወቀ። ባለሥልጣን ደግሞ ወረቀት ጠፋብኝ ከሚል፣ ወረቀቱ አልነበረም ማለት ይቀለዋል። «በሥራ ገበታው ያልተገኘ ሠራተኛ የለም» ብሎ ፈረመና ምዕራፉን ዘጋው። ሁለቱ ደረሰኝ ሰብሳቢዎች ግን የጠፋውን አስተናጋጅ መፈለግ አላቆሙም። ደመወዙ በሩብ ይቀነስ በሲሶ፣ ገና እየተመከረበት ነው። አርባ ሰዎች ምን እንዳለፋቸው ሳያውቁ በየከተማቸው ማደር ቀጠሉ።

በላይነሽን ወደ መቂ አዛወሯት። ደብዳቤው ምክንያት አልጠቀሰም። የቤት አበሏ ቀረ፤ ልጆቿ አዳማ ዘመድ ቤት ቀሩ። መርዳሳ ቃሉን ጠብቋል፤ ስሟ የትም አልተነሳም። የተነሳችው ራሷ ናት።

መርዳሳስ? ፊቱን የሚያውቀው አለቃ ጠፋ። ስሙ ያለበት ወረቀት ነደደ። የአትክልተኛውን ደመወዝ የሚፈርም ስለሌለ ደመወዙም ቆመ። በዚህ ምድር ላይ ሰጎን ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው አልቀረም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ መቂ። ጠዋት ሁለት ሰዓት።

በላይነሽ ቢሮ ከመግባቷ በፊት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለ ሻይ ቤት ገባች። ዘገዬ የሚባል አዲስ አስተናጋጅ አለ። ትሪውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ቀኙ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አስራ አራት ብርጭቆ ተሸክሞ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችበትም።

ጨርቁን አየች። ፊቱን አላየችም።

«ሻይ። ሳምቡሳ ካለ።»

«ቀዝቅዟል፣ እትዬ።»

«ይሁን» አለች። ድምፁን አውቃዋለች።

ሰላይ የሚያውቀው ሰው ወዳለበት ከተማ አይሄድም። የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው። በሕይወቱ የጣሰው አንድ ሕግ ይኸው ነው።

በላይነሽ ጠጥታ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ሂሳብ?»

«ተከፍሏል።»

አስተዳደጓ በሙሉ ጉሮሮዋ ላይ ወጣ። እንዴት ተደርጎ፣ በሞቴ፣ እኔ እያለሁ! አፏን ከፈተች።

ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ሻያቸውን ጨረሱ። አንዱ የራሱን ከፈለ። ሌላውም የራሱን ከፈለ።

በላይነሽ አፏን ዘጋች። ቦርሳዋንም ዘጋች። ሳትሟገት፣ ሳታመሰግን፣ ዞር ብላ ሳታይ ወጣች። ለእሷ ፍም ላይ እጅ ከመጫን ይከብድ ነበር።

«አስተናጋጅ!» ተጣራ አንዱ ሰውዬ።

ትሪው ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል።

«ዘገዬ!»

ባለቤቲቱ ከኩሽና ብቅ ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ከባንኮኒው ኋላ ወዳለው ወንበር ጠቆመች።

«አሁን ወጣ» አለች። «ኮቱ ይኸውና።»