በሰም የተሣሉ ቃላት

ጃትሚኮን የንድፍ ሌባ ነው ብዬ ነበር የጠረጠርኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

እኛ የኢንዶኔዥያዋ ዮግያካርታ ባቲክ ሠሪዎች፣ በጋለ ሰም ጨርቅ ላይ ጌጥ ስለን ቀለም የምንነክር ሰዎች፣ የእንግዳ ዓይን አንወድም። ከእናት የወረስነውን ንድፍ አይቶ የሚወስድ ሞልቷል። እሱ የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ነው። በሽታ የቅርቡን ትዝታ እንዴት እንደሚበላ ያጠናል። በየቅዳሜው ለእናቴ አምስት ቃል ይነግራትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሺልኝ ይላታል። እናቴ የሠርጓን ቀን ዝናብ ታስታውሳለች፤ ቁርስ መብላቷን ግን አታስታውስም።

አንድም ቃል መያዝ ካቃታት ከጥናቱ እንደምትወጣ ነገረኝ። ትወጣለች ማለት እሱ ይቀራል ማለት ነው። እየጠረጠርኩትም ቅዳሜን እናፍቅ ነበር፤ ልብ መቼ ምክር ይሰማል።

እና አጭበረበርኩ። እሱ ሻዩን ሲጠጣ፣ እናቴ ጭን ላይ በተዘረጋው ጨርቅ ጥግ የነገራትን ሁሉ በሰም እስልላታለሁ። እሷም አየት እያደረገች ትመልሳለች።

እሱ ግን ዓይኑን ፀሐይ ላይ ከተሰጡት ጨርቆች አይነቅልም። ጎረቤታችን ሱሚ፣ ለእናትሽ ነው ለንድፋችሁ የሚመጣው፣ ብላ ነገር አቀበለችኝ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ያለ ዩኒቨርሲቲው መኪና፣ ያለ ቅጽ መጣ። በቃ ያዝኩት አልኩ።

«ጨርቃችን ላይ ምን ትፈልጋለህ?»

 ቀለም ተነክሮ የደረቀ ጨርቅ ጥግ አነሳ።

«ይቺ ዶሮ ናት። ይሄ ቁልፍ። ራራስ፣ ሰም የነካውን ቀለም አይዘውም እኮ፤ ሥዕልሽ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መቼ እንዳወቀ ጠየቅኩት።

«ሁለት ወር ሆነኝ። ያኔውኑ የእማማን ውጤት ከጥናቱ አወጣሁት። ውሸት አልጽፍም።»

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

«አንቺስ ለምን ትስያለሽ?»

 እናቴ ቀና ብላ እንደ ልማዷ ይሄ ልጅ ማነው አለችኝ። ሁልጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ነው እላት ነበር።

«የማገባው ነው፣ እማ» አልኩ፤ «እሱ ከፈቀደ።»

ጃትሚኮ ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ። እናቴ በደስታ አለቀሰች፤ እንዴት እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ ብላ ተቆጣችኝ፤ መረቀችን።

ሻያችን ሳይቀዘቅዝ፣ ይሄ ልጅ ማነው አለች። እንባዬን ዋጥ አድርጌ እንደገና ነገርኳት። እንደ አዲስ አለቀሰች።

እስኪመሽ ሰባት ጊዜ ተመረቅን።