ሩሐማና ተሸካሚዋ

ቁጥቋጦው ውስጥ ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሩሐማ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች፤ እንስሳው ሙሉ በሙሉ ሳይታይ ጠመንጃ እንደማይነሳ ተምራለች። ከቡናማው በላይ ነጭ ነገር ብልጭ አለ። ልክ የአጋዘን ጭራ ይመስላል።

ከዚያ አጋዘኑ አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አለች፣ ከአፏ አምልጧት።

ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ።

«ያ... ያኑርሽ» አለ የደነገጠ የወንድ ድምፅ።

ቡናማ ጃኬት የለበሰ፣ ነጭ ሻርፕ የጠመጠመ ረጅም ወጣት ከቅጠሉ መሃል ብቅ አለ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1996፣ የአጋዘን አደን የተከፈተበት ቅዳሜ ነው። ቦታው ከሲያትል የሁለት ሰዓት መንገድ የሚርቅ፣ ገደላ ገደል የበዛበት የመንግሥት ደን።

«አብደሃል እንዴ? በአደን ወቅት ቡናማ ለብሶ ጫካ ይገባል?»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። መኪናዬን ታች ፓርክ አድርጌ...» ጠመንጃዋን አየ። «አዳኟ አንቺ ነሽ?»

«አይ፣ አጋዘኗ ነኝ።»

ሳቀ። ቆጣ ብላ ልታየው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከቦርሳዋ ትርፍ ብርቱካንማ ሰደርያ አውጥታ ወረወረችለት። «ልበስ። ስትመልሰው ኮል አድርግልኝ» አለችና ስልኳን በማስቲካ ወረቀት ላይ ጻፈችለት።

ስሙ መልከጸዴቅ ነው፤ ሲያትል አጠገብ ቤልቪው ከተማ ውስጥ በኢንጂነርነት ይሠራል። እሷ ደግሞ ፌደራል ዌይ በምትባል ጎረቤት ከተማ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ትንከባከባለች። ሽማግሌው፣ ሚስተር ዋልተር፣ አርባ ዓመት ሙሉ የብርዱን ወራት ባደኑት አጋዘን ሥጋ ሲያሳልፉ ኖረው፣ ዘንድሮ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሩሐማ ከእሳቸው ተኩስ ተማረች፣ ፈቃድ አወጣች፣ «ዘንድሮም አይቀርብዎትም» ብላ ቃል ገባችላቸው።

ይሄ ነገር ላሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ለሙላው ሊዋጥለት አልቻለም። «ጠመንጃ ይዛ ጫካ ለጫካ የምትዞር ሴት ማን ያገባታል?» ይላታል በየቀኑ።

መልከጸዴቅ በማግስቱ ደወለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረው ወጡ።

«አደን ትወዳለህ?» አለችው ዳገቱን እየወጡ።

«ጽጌን እየጾምኩ ነው።»

«ማየት አያስገድፍም።»

እስከ ረፋድ ድረስ ከአንድ የወደቀ ግንድ ጀርባ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀመጡ። ማውራት አይቻልም። ስለዚህ ተያዩ፤ ሲተያዩ ደግሞ ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ ዛፉ ዞሩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ቃል ሳይናገሩ ብዙ ነገር ተባባሉ።

አንድ ቀንዳም አጋዘን ከጥዱ ሥር ወጣ። ሩሐማ ቀስ ብላ ጠመንጃዋን አስተካከለች። አጋዘኑ ቀና ብሎ ወደ እነሱ አየ።

መልከጸዴቅ ጮክ ብሎ ሳለ።

አጋዘኑ በአንድ ዝላይ ተሰወረ።

ጉንፋን ነው ብሎ ማምለጥ ይችል ነበር። «አውቄ ነው» አለ ግን። «ዓይኑን ሳየው አላስቻለኝም።»

ሩሐማ ፊቷ ተለወጠ። «እና፣ ለጨዋታ የመጣሁ መሰለህ? ለአንድ ሽማግሌ ቃል ገብቻለሁ። ከቤት መውጣት አይችሉም፤ በየቀኑ ዛሬስ አገኘሽ ወይ ይሉኛል። ወቅቱ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ነው የቀረው።»

«አልነገርሽኝም እኮ።»

«አልጠየቅኸኝም።»

እሷ ከፊት ከፊት እየሄደች ወደ መኪናው ወረዱ። ሳምንቱን ሙሉ ደወለ፤ አላነሳችም። ስልኩ በጠራ ቁጥር ግን ከጎኑ ተቀምጣ ነበር።

በመጨረሻው ቅዳሜ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ወረደ። ሩሐማ ብቻዋን ሄዳ፣ ቀትር ላይ አንድ አጋዘን በአንድ ጥይት ጣለች። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም፤ አጋዘኑ እየተንከባለለ ገደሉ ሥር ገባ። ወርዳ ገፈፈችው፣ አራት ቦታ ቆራረጠችው፤ አንዱን ብልት ተሸክማ እየዳኸች መንገዱ ላይ ወጣች። ሦስት ይቀራል።

ከመኪናዋ አጠገብ ሌላ መኪና ቆሟል። መልከጸዴቅ ብርቱካንማውን ሰደርያ ለብሶ ዝናብ ውስጥ ቆሟል። ከንጋት ጀምሮ መኪናዋን ፍለጋ የደኑን መንገድ አንድ በአንድ ሲያስስ ነው የዋለው።

«ምን ፈለግህ?»

«እኔ መተኮስ አልችልም ሩሐማ፤ ወደፊትም የምችል አይመስለኝም። መሸከም ግን እችላለሁ።»

ገደሉን በአገጯ አሳየችው።

ሦስት ጊዜ ወርዶ ሦስት ጊዜ ወጣ። በሁለተኛው አንሸራቶት ሥጋውን እንዳቀፈ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ሩሐማ ሳቋ ጫካውን ሞላው፤ እሱም እዚያው እንደተቀመጠ አብሯት ሳቀ። በሦስተኛው እጇን ዘርግታ ሳበችው። ወጥቶ ከቆመ በኋላም እጁን አልለቀቀችም።

ማምሻውን ሥጋውን ሚስተር ዋልተር ጋ አደረሱ።

«ማን ጣለው?» አሉ ሽማግሌው።

«እሷ።»

«አንተስ?»

«እኔ አህያዋ ነኝ።»

ሽማግሌው በሳቅ ፈረሱ።

በሚያዝያ መልከጸዴቅ ሙላው ቤት ሦስት ሽማግሌዎች ላከ፦ አቶ ብዙነህ፣ አቶ ወንድምአገኝ እና ምርኩዛቸውን የያዙ፣ አንድ ቃል አማርኛ የማያውቁ ሚስተር ዋልተር። ሩሐማ ወጥ ቤት ሆና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

ሙላው ኮስተር ብሎ ጠየቀ፦ «ጋሼ ብዙነህ፣ እህቴን አውቃታለሁ፤ አስቸጋሪ ናት። ልጁ ሊችላት ነው?»

ሚስተር ዋልተር ምን እንደተባለ ጠይቀው ሲነገራቸው፣ ተራቸውን ሳይጠብቁ በእንግሊዝኛ ጀመሩ። አቶ ብዙነህ እየተከተሉ ተረጎሙ፦

«አርባ ዓመት ከስንት ወንድ ጋር አድኛለሁ። የሚተኩስ ሞልቷል። ሴት የጣለችውን በዝናብ ከገደል ተሸክሞ ወጥቶ፣ ለሰው ሲያወራ ‹እሷ ናት› የሚል ግን ከዚህ ልጅ በቀር አላየሁም።»

ሩሐማ የበሩን እጀታ ጨብጣ ጠበቀች።

«ሩሐማ!» አለ ሙላው። «ብርጭቆ አምጪ። አራት... አይ፣ አምስት አድርጊው። ያ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ውጭ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የማላየው መሰለው?»

ብርጭቆውን ማን እንዳመጣው አላወቀችም። እሷ በወጥ ቤቱ በር ወጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ፣ ወደ መኪናው እየሮጠች ነበር።