ስምንቱ ብልቃጦች

ባልዲው ከብዷታል።

ውዴ በአንድ እጇ ባልዲውን፣ በሌላው መወልወያውን ይዛ ኮሪደሩን ተሻገረች። ከቆሸሸው ጨርቅ ሥር በጎማ ጓንት የታሰሩ ስምንት ብልቃጦች አሉ። የእብድ ውሻ ክትባት። ዙሪያቸውን የበረዶ ጥቅሎች ከበዋቸዋል።

ርክክቡ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ደቂቃ ቀርቷታል።

አትሩጪ። የጽዳት ሠራተኛ አትሮጥም።

በሮቤ ዳርቻ ባለው በመልካ ሆስፒታል ሁሉም ውዴ ይላታል። ስሙ የእሷ አይደለም። ከአዲስ አበባ የላኳት ሰዎች የሚጠሯት «ገብስ» ብለው ነው። ተልእኮዋ ክትባቱን እያወጣ ውኃ የሚተካውን ሰው ማግኘት ነበር። በወሩ አገኘሁት አለች። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ከሊል በየጠዋቱ በረዶ ደብቆ ወደ አሮጌው ክሊኒክ ይሄዳል። ተከተለችው። በተበላሸ ፍሪጅ ውስጥ እነዚህን ስምንቱን አየች። ትናንት ሪፖርቷን ላከች፤ ከሰዓት በኋላ ከሊልን ልጆቹ ፊት ይዘው ወሰዱት።

አግዳሚው ላይ ከዲንሾ የመጡት ወይዘሮ ጁሀራ ተቀምጠዋል። ከትናንት በስቲያ ውሻ አንገታቸውን ነክሷቸዋል። ነርሷ ሲስተር ሰቢሪና «ንክሻው ለጭንቅላት ሲቀርብ ጊዜ አይሰጥም» ብላለች። የመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ ውስጥ ባሉት ብልቃጦች ግን ያለው ውኃ ብቻ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መርፌው መጣ?»

«ዛሬ ይመጣል፣ እማማ።»

አለቃዋ ጌታነህ ብልቃጦቹን እንድታመጣለት አዝዞ ቃል ገብቶላታል። ብልቃጦቹ ፎቶ ተነሥተው፣ ተመዝግበው፣ ቀትር ሳይሆን ይመለሳሉ።

ጌታነህ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ቆሟል። የእርዳታ ድርጅት ሰደርያ ለብሶ፣ ክትባት መያዣ ሳጥን አንጠልጥሏል።

«ገብሱ ደረሰ?» አለ፣ የይለፍ ቃሉን።

«ደርሷል። አልተወቃም።»

ሳጥኑን አቀበላት። ቀለላት። ከፈተችው። ደረቅ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ያህል ይሞቃል።

«በረዶው የታለ?»

«መኪናው ውስጥ አለ። ቶሎ በይ።»

እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ። ይህ ሆስፒታል ውስጥ ክትባት ያለ በረዶ ከክፍል ክፍል እንኳ አይሻገርም። ወለል የምትወለውል ሴት የምታውቀውን ይህ ሰው እንዴት ያጣዋል? ብልቃጦቹ እንዲተርፉ የሚፈልግ ሰው በረዶ ያመጣል።

ከሊል በየጠዋቱ ያመጣ ነበር።

ሌባ የሰረቀውን ይሸጣል እንጂ ዐሥር ቀን በረዶ እየቀየረ አያስታምምም። ከሊል እየደበቀ የነበረው ከሌባው ነው። ሌባው ደግሞ ፊቷ ቆሟል።

ጌታነህ ፊቷን አነበበ።

«ገብስ» አለ ዝግ ብሎ፣ «ከሊልን ያሳሰረው ፊርማ ያንቺ ነው። እሱ ሌባ ካልሆነ አንቺ ምንድን ነሽ?»

እጁ ሰደርያው ውስጥ ገባ።

«ምንም አላልኩ» አለች። «ልሙላው። አንተ ኮሪደሩን ጠብቅልኝ።»

ፊቱን አዞረ።

ሦስት ሰከንድ።

የበረዶ ጥቅሎቹን በፎጣ ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። ጓንቱን ከነብልቃጦቹ ባልዲው ውስጥ ተወችው። ሳጥኑ አሁን ይከብዳል። ተቀበላትና ወደ በሩ አመራ።

መኪናው ውስጥ ይከፍተዋል። ከዚያ ይመለሳል። ጥቂት ደቂቃ ያስፈልጋታል።

በሩ ላይ ጥበቃው ኦቦ ጉቱ አሉ። የሆስፒታሉን ታሪክ ለእንግዳ ከጀመሩ ሳይጨርሱ ሰንሰለቱን አያወርዱም።

«አባባ ጉቱ!» ብላ ጮኸች። «እኚህ እንግዳ ሆስፒታሉ እንዴት እንደተሠራ አልሰሙም!»

የሽማግሌው ፊት በራ።

«አልሰሙም? ኮታ፣ ጠጋ በል ልጄ! እዚህ ሁለት ክፍል የሣር ክሊኒክ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ጎባ ድረስ ነበር የምትወሰደው...»

«አባት፣ እቸኩላለሁ።»

«ሆስፒታል ውስጥ የሚቸኩል ሐኪም ብቻ ነው! ታዲያ በየቤቱ አንድ ድንጋይ ተባለ። ዓርብ ከመስጊድ የወጣው ያመጣል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ያመጣል። የአጋርፋ ሰው በጋሪ ላከ...»

ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ሁሉ አንገቱን አዞረ። ጌታነህ የለበሰው የለጋስ ሰው ሰደርያ ነው። ሽማግሌ ገፍቶ መውጣት አይችልም።

ውዴ አሁን ሮጠች።

«ሲስተር፣ ክትባቱ ይኸው። እውነተኛው ነው። ከእማማ ጁሀራ ጀምሪ። ባዶውን ብልቃጥ እንዳትጥዪ፤ ማስረጃ ነው።»

ሰቢሪና ጓንቱን ዳበሰች። ገና ይቀዘቅዛል።

«አንቺ ማነሽ?»

«ጽዳት ነኝ። ቶሎ በያ!»

ከዚያ በቃሏ ብቻ የያዘችውን የአዲስ አበባ ቁጥር ደወለች። «ወፍጮው ራሱ ገብሱን እየበላ ነው» አለች። «በሩ ላይ ነው።» የላኳት ሰዎች ሮቤ ውስጥ ያሏቸው ሁለት ባልደረቦች በባጃጅ ተነሡ።

በሩ ላይ ኦቦ ጉቱ የማዋለጃውን ታሪክ ጨርሰው ወደ ዓይን ሕክምናው ተሻግረዋል።

«...ኦፕራሲዮን ክፍሉ የተከፈተ ቀን በሬ አርደን...»

ጌታነህ የሳጥኑን ክዳን ገለጥ አደረገ።

ፎጣ። በረዶ።

ቀና ሲል በግቢው ማዶ ከቆመችው ከውዴ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

ሽጉጡን መዘዘ። የኦቦ ጉቱ ከዘራ ክንዱ ላይ አረፈ። ጥይቱ መሬት መታ። ባጃጁ ከበሩ ማዶ ቆመ።

ከሊል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፈትቶ መጣ። ወደ መድኃኒት ቤቱ ሳይሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ሌሊቱን የጌታነህ ሰዎች የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ሰብረውበታል። ጄሶ ተደርጎለት ሲወጣ ወለሉን ስትወለውል አገኛት።

«ውዴ፣ የሰው ወሬ ይደርስሻል። ማን ነው የጠቆመብኝ?»

ትእዛዙ ግልጽ ነው። ማንነቷን እዚህ ማንም ማወቅ የለበትም።

«አልሰማሁም፣ ጋሽ ከሊል።»

«አላህ ይየው» አለና ወለሉ እንዳይቆሽሽ ዳር ዳሩን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ የሻሸመኔ ሚኒባስ ላይ አንዲት ሴት ከውዴ አጠገብ ተቀመጠች። ዲንሾን ሲያልፉ ሴትየዋ ወደ እሷ ዞረች።

«የሮቤ ልጅ ነሽ?»

«አይ። የታመመ ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው።»

«ዳነልሽ?»

«ይድናል ብለዋል» አለች። «በቀኝ እጁ ግን አይጽፍም።»