አሥራ አንዱ ጉንዳኖች

«ቁረጥ! ቁረጥ!» አለ የቴሌቪዥኑ አቅራቢ ለሦስተኛ ጊዜ። «የኔ ቆንጆ፣ ‹አንዳንዶቹ› የምትለዋን ቃል ተያት አላልኩሽም?»

ልጅቷ የሳይንስ ክበቡ ጠረጴዛ ላይ ያሰመረችውን የጠመኔ መስመር አየች። ጉንዳን ጠመኔ አይሻገርም የሚለውን ወሬ ለማጣራት፣ ከመስመሩ ማዶ ስኳር አስቀምጣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጉንዳን ጋር ስትታገል ከርማለች። ከአርባ ጉንዳኖች ሃያ ዘጠኙ ተመለሱ። አሥራ አንዱ ግን መስመሩን ከቁብም ሳይቆጥሩት አልፈው ስኳራቸውን በሉ።

«አሥራ አንዱ ተሻግረዋል እኮ!»

«ተመልካች ሒሳብ አይፈልግም። ‹ጉንዳን ጠመኔ አይሻገርም፤ ሳይንስ አረጋግጧል!› በቃ። ፈገግ በይ።»

ይህን ሲል አንድ ጉንዳን መስመሩን ተሻግሮ ሽው አለ። ካሜራማኑ ሳቁ አመለጠው። አቅራቢው ጉንዳኑን በጣቱ ጠረገና «ይሄ አይቆጠርም» አለ።

ደሟ ፈላ። ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው! እሷ አንዱም እንዳያመልጣት ዓይኗ እስኪቀላ ቆጥራ ደብተሯ ላይ መዝግባለች፤ ሰውዬው ጭራሽ በአንድ ጣት ይጥረገው!

የሳይንስ መምህሯ ጠጋ ብለው «አታሳፍሪን እንጂ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፣ በያትና ገላግይን» አሉ በሹክሹክታ።

«ቲቸር፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ ያሉን እርስዎ አይደሉ?»

መምህሩ ወደ ካሜራው ጀርባ ተመለሱ። እናቷ «ቅዳሜ ልጄ በቴሌቪዥን ትወጣለች» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። እሷም ብትሆን መታየት ትፈልጋለች፤ ምን ያስዋሻል!

ካሜራው በራ።

«ሃያ ዘጠኙ ተመለሱ፤ አሥራ አንዱ ተሻገሩ። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅኩም» አለች ጮክ ብላ።

«እንግዲያው ሌላ ልጅ ትለዋለች» አለ አቅራቢው ተቆጥቶ።

«ትበለዋ! የኔን ደብተር ግን አታሳዩም።» ማይኩን ከኮሌታዋ ነቅላ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፤ ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች።

እናቷ ቤት ውስጥ ልብስ እየሰፋች ነበር።

«እማዬ፣ ቅዳሜ አልወጣም።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። «ምን አጠፋሽ?»

«ምንም። አሥራ አንዱን ጉንዳን ካጂ ሲሉኝ እምቢ አልኩ።»

«ወይ ጉዴ! ጉንዳን ነው የሚያዋርደኝ? ለዚህ ሁሉ ጎረቤት ምን ልበል?»

«አንቺ ምንም አትበይ። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለችና፣ ደብተሯን እንደያዘች የመጀመሪያውን በር ልታንኳኳ ወጣች።