የእትዬ ወርቄ «እጅ!»

ጂን፣ ውቃቢ፣ ጥላ ምናምን የሚባል ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ይቺን ቀድመህ ያዝልኝ ወዳጄ። አንድ ጊዜ አየር ጤና አካባቢ የአንድ ጠንቋይ ቤት መብራት ዘርግቻለሁ፣ እመነኝ፣ ዛሩ ራሱ እኔ ገመድ እስክጨርስ ሳይወርድ ነው ያመሸው፣ መጨረሻ ላይ አምፖሉ ቦግ ሲል ጠንቋዩ ከመቀመጫው ተነስቶ «የአንተ ይበልጣል» ብሎኛል። ታዲያ ከዚያ በኋላ በምን ልመን? ይኼ የምነግርህ ነገር የደረሰው እንግዲህ እንደኔ ባለ ሰው ላይ ነው።

ሥራዬ ቀራንዮ ነው፣ ቦሎቄ አበጥረን ወደ ውጭ የምንልክበት መጋዘን አለን፣ «አለን» ስልህ የባለቤቱ ነው፣ ግን ማሽኑ እኔ ከሌለሁ አይተነፍስም። ማንም አላስተማረኝም፣ ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ሁለት ብሎን ተረፈኝ፣ ከበፊቱ የተሻለ ሠራ። ዲፕሎማዬ ይቺ ቀኝ እጄ ናት፣ ቤቴም ልጆቼም በእሷ ነው የቆሙት። ሴቶቹ «ኢንጂነር» ይሉኛል፣ እየሳቁብኝ ነው የሚሉት፣ እኔ ግን በቁም ነገር ነው የምቀበለው።

ማሽኑ ምን መሰለህ፣ ረጅም የጎማ ምንጣፍ በለው፣ እኛ ቤልት ነው የምንለው፣ ከሥሩ ሮለር የሚባሉ የሚሽከረከሩ ብረቶች ተሸክመውት ይሄዳል፣ ቦሎቄው ላዩ ላይ ይፈሳል፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ጠጠሩንና የነቀዘውን ይለቅማሉ። ስታየው ጨዋታ ነው የሚመስለው። ግን ቤልቱና ሮለሩ የሚገናኙበት ቦታ አንድ ጣት ከገባች ብቻዋን አትሄድም፣ ክንድን ጎትታ ነው የምትሄደው፣ ማሽን ደግሞ ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም።

ለዚህ ነው እትዬ ወርቄ ሕግ ያወጡት። እትዬ ወርቄ የለቃሚዎቹ አለቃ ናቸው፣ ከወልቂጤ በልጅነታቸው የመጡ፣ አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ከቤልቱ ራስ ላይ በጆንያ ጨርቅ ጠቅጥቀው በሠሯት ትራስ ላይ የሚቀመጡ ሴት። ጠዋት ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የቆርቆሮ ኩባያቸውን ከሚስማሩ ላይ ያወርዱና የቤልቱን ብረት ኳ ኳ ኳ አድርገው «እጅ!» ብለው ይጮኻሉ። በዚህ ጊዜ እዚያ ያለነው በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ ሁለት እጃችንን ወደ ላይ እንሰቅላለን፣ ልክ እንደ ምርኮኛ። እሳቸው ግራ ቀኝ ያዩና «በል ተሾ!» ሲሉኝ ነው የማስነሳው። ድምፃቸው ደግሞ ተራ ድምፅ እንዳይመስልህ፣ እዚህ «እጅ!» ሲሉ ዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው እጁን ያነሳል።

የእኔ ሕግ ደግሞ ኮፍያዬ ነበር። ማሽኑን ልጠግን ስገባ በሩ አጠገብ ያለውን ዋናውን ማብሪያ ወደ ታች አወርድና ኮፍያዬን እላዩ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ኮፍያው ካለ ማንም አይነካም፣ ዘበኛው አይነካም፣ ባለቤቱ ራሱ አይነካም። ማብሪያው ላይ የሚታሰር የጓጉንቸር ቁልፍ ተገዝቶልኝ ነበር፣ «ጓጉንቸር ለማይከበር ሰው ነው» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እንግዲህ እትዬ ወርቄ ጡረታ ሊወጡ ሆነ። የሚገርምህ፣ ሊሰናበቱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ድምፃቸው ጭራሽ ተዘጋ፣ ጉንፋን ነው አልን፣ ዝንጅብል በማር ጠጡ፣ ወይ ፍንክች። ዘይነባ የምትባል ምላሰኛ ለቃሚ አለችን፣ «እትዬ፣ ድምፅዎ ቀድሞዎት ጡረታ ወጣ እንዴ?» ትላቸዋለች፣ መልስ መስጠት ስለማይችሉ አንድ እፍኝ ቦሎቄ ይበትኑባታል።

የስንብቱ ዕለት ቅዳሜ ነው። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቀትር ላይ መብራት ጥርግ ብሎ ሄደ፣ «በቃ፣ መብራት ኃይልም ግብዣው ላይ ታድሟል» ብለን ሁሉም ወደ ግቢው ወጣ። ክትፎው እየተዘጋጀ ነው፣ ከበሮው ተጀምሯል፣ ሴቶቹ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ያጨበጭባሉ። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልወድም፣ ጫፍ ላይ ያለው ሮለር ኩሽኔታው አልቆ ሲያንቋርር ነበር የሰነበተው፣ ሰኞ ደግሞ የሚጫን ጭነት አለ፣ «ክትፎው እስኪቀርብ ኩሽኔታ ቀይሬ እመጣለሁ» ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ገባሁ። ማብሪያውን አወረድኩ፣ ኮፍያዬን ሰቀልኩ፣ ከቤልቱ ሥር በጀርባዬ ተንሸራትቼ ቀኝ እጄን እስከ ክርኔ ቤልቱና ሮለሩ መሃል አስገባሁ።

ከጣራው በብርሃን አስገቢው ፕላስቲክ ፀሐይ ይገባል፣ ቀን ነው እልሃለሁ፣ ጨለማ አይደለም። ከበሮው ከውጭ ድም ድም ይላል። ትንሽ ቆይቶ በከበሮው መሃል «ቲክ» የሚል ሰማሁ። አይጥ ነው አልኩ። ደግሞ «ቲክ»። ቀና ብዬ በቤልቱ ብረቶች መሃል ሳይ የእትዬ ወርቄ ኩባያ ሚስማሩ ላይ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ነፋስ ነው አልኩ፣ በሩ የተዘጋ መሆኑን እያወቅኩ። ከዚያ ከቤልቱ ራስ በኩል ያለው ሮለር ዞረ፣ ቀጥሎ ያለው ዞረ፣ ቀጥሎ ያለው፣ ሰው እያለፈ በመዳፉ ሲዳብሳቸው እንደሚዞሩት ሆነው ተራ በተራ ወደ እኔ መጡ፣ ቤልቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ይኼን እንኳ ላስረዳህ እችላለሁ፣ ብረት ሲበርድ ይኮማተራል ምናምን ብዬ። ያቺን ትራስ ግን አስረዳኝ። እትዬ ወርቄ የሚቀመጡባት ትራስ መሃሏ ጎድጉዶ ነበር፣ ዓይኔ እያየ ሰው ገና ከላይዋ የተነሳ ይመስል ቀስ ብላ አበጠች።

«ተሾመ፣ ርቦህ ነው» አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ወዲያው እጆሮዬ ሥር ኳ ኳ ኳ።

«እጅ!»

እሳቸው ናቸው። የጠራ፣ ያልተዘጋ፣ የጥንቱ ድምፃቸው። ወዳጄ፣ አላሰብኩም፣ ለማሰብ ጊዜ የለም፣ ያን ሁሉ ዓመት የለመደ እጅ እኮ ከባለቤቱ አይማከርም፣ ሁለቱም እጆቼ ተፈናጥረው ወጡና ደረቴ ላይ ተሰቀሉ፣ በዚያው ቅጽበት ቤልቱ ጓ ብሎ ተነሳ። እጄ ትቶት የወጣው ካቻቪቴዬ ገባ፣ በሌላኛው በኩል ሲወጣ እንደ ዶሮ አንገት ተጠምዝዞ ነበር።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ማቆሚያውን መታሁት፣ ግቢ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ዘይነባ ነች መጀመሪያ ያየችኝ።

«ጋሽ ተሾ፣ ማን ማረከህ?»

ለካ እጆቼን እንደሰቀልኩ ነው የወጣሁት! ሁሉም ሳቀ።

«ማነው አሁን እጅ ብሎ የጠራው?» አልኩ።

«የት?»

«ውስጥ ነዋ! እትዬ ወርቄ የት አሉ?»

እትዬ ወርቄ መሃል ላይ ናቸው። ትከሻቸውን እየሰበቁ ይጨፍራሉ፣ ሰው ክብ ሠርቶ ያጨበጭብላቸዋል፣ ራሳቸው ላይ ደግሞ ምን አለ ብትለኝ፣ የእኔ ኮፍያ! ዘይነባ ሮጣ ገብታ ከማብሪያው ላይ አንስታ አድርጋላቸዋለች፣ «ተሾ የለም፣ ኮፍያው ይጨፍርልን» ብላ። እኔ ቤልት ሥር መሆኔን አላየችም። ከእሷ በኋላ ዘበኛው አባባ ደርቤ የጎረቤት መብራት መምጣቱን ሰምተው ለጭፈራው ያመጡት ቴፕ እንቢ ሲላቸው ገቡ።

«ማብሪያው ወርዷል» አሉኝ እያላባቸው፣ «ኮፍያ ደግሞ የለም። ኮፍያ ከሌለ አንተ የለህም ብዬ ከፍ አደረግኩት።»

መብራት የሄደው ማሽኑ እየሠራ ስለነበር ማስነሻው እንደተጫነ ነው የቀረው፣ ማብሪያው ከፍ ሲል ራሱ ተነሳ። ነገሩ ሲገባቸው ከበሮው ቆመ። ዘይነባ አፏን በሻሿ ያዘች። እትዬ ወርቄ መጥተው ቀኝ እጄን ያዙ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሷቸው፣ ሳሟቸው፣ ከዚያ በዚያችው መዳፋቸው ማጅራቴን አጮሉኝ።

«እርስዎ ነዎት የጠሩኝ?» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ነካ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣላቸው። «በምኔ?»

ከዚያ አንዷ እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ከበሮው እንደገና ተነሳ፣ እመነኝ የዚያን ቀን የጨፈርኩትን በሠርጌም አልጨፈርኩ፣ ክትፎውን ደግሞ ሆን ብዬ በቀኜ ብቻ ነው የበላሁት፣ እያንዳንዷ ጣት ድርሻዋን እንድታገኝ።

ሰኞ ጓጉንቸሩን ከመሳቢያ አወጣሁት። አሁን ማብሪያው ላይ ይታሰራል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ማስነሻውንም መብራት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳ አድርጌ ቀየርኩት። ኮፍያዬ ራሴ ላይ ነው፣ መላጣዬን ይሸፍናል፣ ድሮም ሥራው ይኼው ነበር።

ነገሩ ግን አላለቀም። «እጅ!» የማለቱን ሥራ ዘይነባ ወረሰች። የእትዬ ወርቄን ኩባያ ለማንሳት የደፈረ የለም፣ ሚስማሯ ላይ ቀረች፣ ዘይነባ በማንኪያ ነው የምታንኳኳው። ታዲያ በየጠዋቱ «እጅ!» ስትል ተከትሎ ሌላ «እጅ!» ይመጣል፣ ቀጠን ያለ፣ ከቤልቱ ራስ በኩል። ሁሉም ይሰማዋል። እኔ «የቆርቆሮው ማሚቶ ነው» ብዬ አስረዳሁ፣ ጣራ እንዴት ድምፅ እንደሚመልስ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኩ።

«ይሁን» አለች ዘይነባ፣ «ግን ማሚቶ ቀድሞ ይናገራል እንዴ? ትናንት እኔ አፌን ሳልከፍት ነው የመጣው!»

ሳቅን። እትዬ ወርቄን ዓለም ባንክ ቤታቸው ሄጄ ስጠይቅ ድምፃቸው እንደተዘጋ ነው። ሐኪም አየኝ፣ ጉሮሮሽ ጤነኛ ነው አለኝ፣ አሉ በሹክሹክታ። የመጋዘኑን ነገር ስነግራቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ፣ «እዚያው ረስቼው ነዋ የመጣሁት» አሉ።

እንዲህ ሆነን ወራት ሄዱ፣ ለመድነው፣ ሁለተኛውን «እጅ!» ሳልሰማ ማስነሻውን አልጫንም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ዘይነባ ጠራች፣ እጆች ተሰቀሉ፣ ጠበቅን። ዝም።

«ጋሽ ተሾ ተጫን እንጂ፣ ክንዳችን ዛለ!»

አልተጫንኩም። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።

«ሃሎ! ማነው በጠዋቱ?» አለኝ፣ ጆሮዬን የሚሰነጥቅ የጥንቱ ድምፅ።

«እትዬ! ድምፅዎ!»

«ዛሬ ነቅቼ ልጄን ስጣራ ነው የወጣልኝ፣ ደንግጣ ሳህን ሰበረች!»

ደስታችንን ልነግርህ አልችልም፣ ሴቶቹ እጃቸውን እንደሰቀሉ እልል አሉ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ከፍ አደረግኩት። «በሉ እንግዲህ፣ ሰው ሁሉ እጁን ሰቅሎ እየጠበቀዎት ነው፣ ይጥሩልን!»

ኳ ኳ ኳ። «እጅ! በል ተሾ!»

ተጫንኩ፣ ቤልቱ ሄደ፣ ሁሉም ይስቃል።

«እትዬ» አልኳቸው እኔም እየሳቅኩ፣ «ቤት ውስጥ ደግሞ በምን አንኳኩት?»

«ምኑን?» አሉ። «እኔ አልጋ ላይ ነኝ።»

ወደ ሚስማሩ ዞርኩ። ኩባያዋ ትወዛወዛለች።