አራባ ያልፈረመችው ፎርም

አራባ ቤንትሲል ሐሙስ ጧት ከመሥሪያ ቤቷ የኋላ ደረጃ ሥር በጀርባዋ ተዘርግታ ተገኘች። ዓይኖቿ አልተከደኑም። ከጋናው ታኮራዲ ወደብ የሚነፍሰው አቧራ ፊቷ ላይ በስሱ አርፎበታል። ኢንስፔክተር ኤኮው አምፒያ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ፣ ሁሉም ወደ ተሰበረው አንገቷ ሲመለከት እሱ ቀኝ እጇን ያይ ነበር። አውራ ጣቷ ሐምራዊ ቀለም ነክቶታል።

«ራሷን ነው የወረወረችው» አለ ሳጅን ቦትዌ። «ወረቀትም ትታለች።»

ወረቀቱ የስንብት ደብዳቤ አልነበረም። አራባ የሕግ ባለሙያ ሆና የምትሠራበት ፊፖኖ የተባለው ኩባንያ ለሰው ሁሉ አንድ አካውንት ይሰጣል፤ ክሊኒኩም፣ ገበያውም፣ የልጆች የትምህርት ውጤትም የሚከፈተው በዚያው ነው። አካውንቱን መዝጋት የፈለገ በስልኩ ይዘጋል፤ ስልክ የማይሆንለት ፎርም ሞልቶ፣ መፈረም ካልቻለም አሻራውን አኑሮ ያስገባል። በአራባ ስም የገባው ፎርም ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የሚል ማኅተም አለው። ምክንያት በሚለው ቦታ «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ተብሎ በታይፕ ተጽፏል። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። በውሉ መሠረት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት፣ በአካውንቷ ያለ ሁሉ ለዘላለም ይጠፋል።

ቅዳሜ ጧት እናቷ ማሜ ኤጂማ ጣቢያው መጡ። ዓሣ አጫሽ ናቸው፤ የጭሱ ሽታ ከነጠላቸው አይለይም።

«ልጄን ከበሮ በሌለበት ቅበሩ ተባልኩ» አሉ ሳይቀመጡ። «ለቅሶ የለም፣ ፎቶዋና የልደት ቀኗ ያለበት የሞት ፖስተር የለም፣ ራሷን ያጠፋች የምትቀበረው ጫካ ዳር ነው አሉኝ። አንተ ነህ እንዲህ ያልከው?»

«እኔ ገና ምንም አላልኩም፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ያ ወረቀት ምን ይላል? አንብብልኝ።»

አነበበላቸው። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 1990።

«ቆይ። ያ ቀን ምን ቀን ነበር?»

ስልኩን ነካካ። «ሰኞ።»

አሮጊቷ በንቀት አዩት። «ውጭ አገር ሄደህ የገዛ ስምህን አጥበው መለሱህ እንዴ፣ ቦርጋ? ሰኞ ብትወለድ አጁዋ አልላትም? አራባ ማለት የማክሰኞ ልጅ አይደለም? ስወልዳት ዓሣ አጥማጁ አባቷ ቤት ነበር። ማክሰኞ የባሕሩ የዕረፍት ቀን ነው፣ ጀልባ አይገባም!»

ኤኮው አንገቱን ደፋ። ቦርጋ የሚባለው ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ፖላንድ፣ ክራኮው ሲማር ስሙ ትርጉም የሌለው ድምፅ ሆኖ ኖሯል። የእሱም ፓስፖርት ጃንዋሪ 1 ነው የሚለው፤ ቀኑን የማያውቅ ጸሐፊ ሁሉ የሚጽፈው ያንኑ ነው። ገበያ ውስጥ ያለ ሕፃን የሚያውቀውን ነገር እሱ ሁለት ቀን ሙሉ ሳያየው አልፏል።

የዘበኛው መዝገብ እንደሚለው ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሕንጻው ውስጥ ከአራባ ጋር የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱንም ለየብቻ ጠራቸው፤ ለሦስቱም ያቀረበው ጥያቄ አንድ ነበር። «ለሞት ፖስተሩ የልደት ቀኗ ያስፈልገናል።»

«ማርች አጋማሽ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ታዊያ፣ ሰዓቱን እያየ። «በየዓመቱ በዚያ ቀን ፈቃድ ትወስድ ነበር። ኢንስፔክተር፣ መረጃው ዛሬ ይሰረዛል፤ ውል ውል ነው፣ እኔ ልሽረው አልችልም።»

«ምን ነበረበት?»

ታዊያ ላቡን ጠረገ። «የሰዎችን የክሊኒክ መረጃ ወደ ውጭ የሚሸጥ አለ ብላኝ ነበር። ስሙን ሐሙስ አሳይሃለሁ አለችኝ።»

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ማንሳ ዓይኗ አብጧል። «ማርች 14፣ 1989። በየዓመቱ የልደት ምግባችንን ኤቶ አብስላ ሁለት እንቁላል በግድ ታጎርሰኝ ነበር። ማክሰኞ ዕለት መጣላታችንንም ልትጠይቀኝ ነው አይደል? ተጣልተናል፣ አዎ። ከማን ሰማህ? በዚህ ቤት ሰው ሆድ ወሬ አያድርም እኮ!»

የሠራተኛ መዝገብ ኃላፊው ፊሊክስ አርማ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። የካቢኔው ቁልፍ በገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ የቀን ሠራተኞች መግባት መውጣታቸውን በአሻራ የሚያረጋግጡበት ቀለም ተቀምጧል።

«ጃንዋሪ 1፣ 1990» አለ። «የሁሉንም በቃሌ ነው የማውቀው።»

ኤኮው ቀለሙን ትኩር ብሎ አየና ወጣ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሁሉንም፣ እናትየውንም ጨምሮ፣ በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰባቸው። በመስኮቱ ባሕሩ አመድ መስሎ ይታያል።

«አካውንቷ ሊጠፋ ሠላሳ ደቂቃ ቀርቶታል» አለ። «ስለዚህ አላንዛዛም። መጀመሪያ፣ ሕግ የተማረች ሴት መፈረም እየቻለች ለምን አሻራ ታኖራለች? ፊርማዋን ማስመሰል ያልቻለ ሰው ስላለ ነው። ለምን በወረቀት? በስልክ እንዳይዘጋው የይለፍ ቃሏን አያውቅም።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ታዊያ።

«የውሉን አንቀጽ ዘጠኝ ያንብቡልኝ። የጻፈችው አራባ ናት።»

ታዊያ አነበበ። «በጥያቄው ላይ ከተሰጠው መረጃ አንዱ እንኳ በአካውንቱ ካለው ጋር ካልገጠመ ጥያቄው ዋጋ የለውም።»

«ማንሳ፣ አካውንቷን ሳትከፍቺ ቀኑን ብቻ ማመሳከር ትችያለሽ?»

«መግጠም አለመግጠሙን ይነግረኛል።» ጻፈች። «ጃንዋሪ 1፣ 1990... አይገጥምም።» ሌላውን ቀን አስገባች። «ማርች 14፣ 1989... ይገጥማል። አምላኬ! ስረዛው ቆመ።»

«አብሯት የበላ ማርች ይላል» አለ ኤኮው። «ፈቃድ የሰጣትም ማርች ይላል። ይህን ፎርም የሞላው ሰው አራባን የሚያውቃት ከፋይል ብቻ ነው። ስሟን በየቀኑ እየጠራ፣ ስሟ የሚለውን አንድ ቀን አልሰማም።»

አርማ ሳቀ። «ፋይሉን ማንም ያየዋል፣ ቦርጋ።»

«ቁልፉ አንገትዎ ላይ ነው። ደንበኞች ፎርም የሚያስገቡበት ባንኮኒ ላይ ያለው የአሻራ ቀለም ጥቁር ነው፤ በዚህ ሕንጻ ሐምራዊ ያለው የእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። የአራባ ጣትም ሐምራዊ ነው። የቀረውን አካውንቷ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲከፈት ይናገራል።»

ሳቁ ደረቀ። አርማ ቁልፉን በጭብጡ ያዘ። «መረጃ መሸጤን ደርሳበት ተጨቃጨቅን። ደረጃው ላይ ገፋኋት... ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም።»

ማሜ ኤጂማ ቀስ ብለው ተነሡ። «ጣቷን ቀለም ውስጥ ስትነክርስ፣ ልጄ፣ እጇ ገና ይሞቅ ነበር?»

አርማ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቦትዌ ካቴናውን አወጣ።

ፖስተሩን ያሳተመው ኤኮው ነው፤ ማርች 14 የሚል ቀን አለበት። ቀባሪው እንደ አገሩ ልማድ ቅዳሜ ይሁን ቢልም እናትየው እንቢ አሉ። ማክሰኞ ጀልባዎቹ ሁሉ አሸዋ ላይ ተጎትተው፣ አንድም ዓሣ አጥማጅ ሳይቀር፣ አራባን በከበሮ ቀበሯት።