ከአምባዛ ጋር ያደሩ ዓሦች

«አንቺ ውኃሽን ቅጂ» አላት መምህር ጋልጋሎ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር። «ስለ ዓሣ የጠየቀሽ የለም።»

እውነቱን ነው፤ ውድነሽን የጠየቃት የለም። ሰባት ወር ሙሉ ከጉድጓዱ በአህያ ውኃ ስታመላልስ፣ በሸክላ ጋን ጥላ ሥር አሳድራ ቀዝቀዝ ሲል በጣሳ ወደ ትምህርት ቤቱ የመስታወት ዓሣ ገንዳ ስታፈስ የከረመችው ግን እሷ ናት። ዓሦቹ ጥላዋን ሲያዩ ወደ ላይ ይመጣሉ፤ የሳይንስ ክበቡ ልጆች ሲመጡ ድንጋይ ሥር ይገባሉ። ቢሆንስ? አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት ስሟን መጻፍ የማትችል ልጅ ምን ታውቃለች!

ገንዳውን ለትምህርት ቤቱ የተወችው በከተማው ይሠራ የነበረ የእንስሳት ሐኪም ሚስት ነበረች፤ ፈረንጅ ናት። ወደ ናይሮቢ ሲዛወሩ ሦስቱን ወርቃማ ዓሦች ይዛ በዚያ ረጅም የአቧራ መንገድ መሄድ አልሆነላትም። ዓሦቹ ከጣት አይበልጡም፤ ጅራታቸው ግን እንደ ነጠላ ጫፍ ይንሳፈፋል። ለመምህር ጋልጋሎ በእንግሊዝኛ ብዙ አወራችው። የውድነሽን እጅ ግን ይዛ ውኃው ውስጥ ነከረችና በስዋሂሊ አንድ ቃል ብቻ አለቻት፤ «ባሪዲ።» ቀዝቃዛ። በኬንያዋ ሞያሌ ፀሐይ እንግዲህ ቀዝቃዛ አድርጊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተሸከመው ነው።

በሰባተኛው ወር ጋኑ ተሰነጠቀ። «ሌላ ጋን ግዙልኝ» ብትል ሰሚ አጣች፤ ውኃውን በብረት በርሜል አሳደረችው። የብረት ውኃ አይበርድም። ከዓሦቹ አንዱ ጥግ ይዞ መብል እምቢ አለ።

መምህር ጋልጋሎ የከብት አርቢ ልጅ ነው። «ብቸኝነት ነው» አለ። «ብቻውን የቆመ ጥጃ ውኃ አይጠጣም። ሌላ ሲጨመርበት እየተሻማ ይጠጣል።» ለጥጃ ልክ ነው። ችግሩ፣ በእነሱ ቤት ዓሣ ተበልቶም ተይዞም አያውቅም፤ ለእነሱ ዓሣ ሁሉ አንድ ነው።

ይህን የሰማው የጭነት መኪና ረዳቱ ቢራቱ፣ ከዓባያ ሐይቅ ሲመለስ በተቆረጠ ጀሪካን አንድ አምባዛ ይዞ መጣ። አምባዛው ስንዝር ተኩል ይሆናል። ጥቁር ነው፤ ሪዛም፣ አፉም ሰፊ።

«ሙሽራ አመጣሁላችሁ!» አለ ቢራቱ። «ሁለት ቀን በጭቃ ተጉዞ ያልሞተ ጀግና!»

ውድነሽ እንስራዋን አስቀመጠች። አባቷ በ1970 ዓ.ም. ተወስዶ ሳይመለስ እስኪቀር ድረስ የዓባያ አሥጋሪ ነበር፤ እሷም ያደገችው ጀልባው ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው አፏን የከፈተችው፣ «ውኃሽን ቅጂ» የተባለችውም። እሷ ግን አልቀዳችም።

«ምዋሊሙ፣» አለች፤ ልጆቹ ሁሉ መምህራቸውን የሚጠሩት በስዋሂሊ ነው፤ «እሱ የሙቅ ሐይቅ ዓሣ ነው፤ እነዚህ ብርድ ነው የሚፈልጉት። ደግሞ አፉን ይዩት! አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ጓደኛ ካስፈለጋቸው የራሳቸው ዓይነት፣ እኩያቸው ይሁን። የጅብ ግልገል ከጥጃ ጋር በረት ያስገባሉ?»

«የውኃ ጅብ!» ብሎ አንዱ ሳቀ፤ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። ቱሪም ሳቀች። ቱሪ ጓደኛዋ ናት፤ ከትምህርት ስትወጣ አህያዋን የምትነዳላት፣ «አንድ ቀን ፊደል አስቆጥርሻለሁ» የምትላት።

አምባዛው ገባ። ወለሉ ላይ ተኛና እንደ ድንጋይ ጸጥ አለ።

«አየሽ?» አለ መምህሩ። «በግ ነው።»

«ቀን ነዋ! የሚያድነው ሌሊት ነው!» አለች ውድነሽ።  በሩን ቆልፋ ሄደች፤ ጠዋት ቀድማ ውኃ ስለምትጨምር ቁልፉ እሷ ዘንድ ነበር።

በማግስቱ ሦስቱን ብትፈልግ አንዱን ብቻ አገኘች። ጅራቱ ተበጣጥሶ፣ በጎኑ ተጋድሞ ድንጋይ ሥር ይተነፍሳል። አምባዛው እዚያው ትናንት የተኛበት ተኝቷል።

መምህር ጋልጋሎ መጣ፤ ገንዳውን ዞረው። ክዳኑ እንደተገጠመ ነው፤ ከላይ የተጫነው ድንጋይም አልተነቃነቀም። ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ።

«ሁለቱስ?»

«በልቷቸዋል።»

«አጥንት የታለ?»

«ምን አጥንት? እንዳሉ ነው የሚውጠው።»

«ጅብ እንኳ ቀንድ ያስቀራል! ደም የለ፣ አጥንት የለ፣ ቅርፊት የለ። ያለ አንቺ ደግሞ ቁልፍ የያዘ የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከድንበሩ ወዲያ ያለው ሆቴል የእነዚህን ዓሦች ወሬ ሰምቷል አሉ። ለእነሱ ነው የሸጥሻቸው?»

ውድነሽ ሳቅ ሳቅ አላት። ልጆቹ በሩ ላይ ተሰብስበዋል።

«ቱሪ ትንገርዎት! ትናንት ይውጣቸዋል ስል ሰምታለች። ቱሪ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ቱሪ ጫማዋን አየች። መምህሩን አየች። «እኔ... ልብ አላልኩም» አለች።

ልብ አላለችም! ከሁሉ በላይ ስቃ የነበረችው ልጅ!

መምህር ጋልጋሎ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለራሱም ሩኅሩኅ የሆነ ይመስለዋል። «ስሚ» አላት። «ዳይሬክተሩ በአራት ሰዓት ይመጣል። አጥፍቻለሁ በይ፤ ሥራሽን አላስነጥቅሽም። ካልሽ በዚሁ ያልቃል፣ ካላልሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ውኃ ቀጂ እንፈልጋለን።»

እናቷ የምትኖረው እዚያው አጠገብ፣ ሄሉ የሚባለው ሰፈር ነው። ሮጣ ደረሰች። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ሁሉንም ሰማች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«አጥፍቻለሁ በያቸው» አለች።

«እማዬ፣ አልሰረቅኩም!»

«አውቃለሁ። የሰው አገር ነው ያለነው፣ ልጄ። ወረቀት የለን፣ ዘመድ የለን። አባትሽ እውነቱን ተናግሮ ምን አተረፈልን? አንድ ቃል ነች፤ በያትና ግቢ።»

ውድነሽ ስትመለስ መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር። አንድ ቃል። ከተናገረችው ነገ እንደገና አህያዋን ትጭናለች፤ ልጆቹ ግን ባለፈች ቁጥር ደብተራቸውን ወደ ጉያቸው ያስገባሉ። ካልተናገረችው ነገ የምትጭነው የለም። የትኛውም መንገድ ወደ ደህና ቦታ አይወስድም።

የሳይንስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ሦስተኛው ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል። በመዳፏ አወጣችው። ውኃው ሞቅ ይል ነበር። ለማን ታበርድ?

 ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ ነከረች፣ አምባዛውን ከጉንጩ ሥር ጨምድዳ አወጣችውና ጭንቅላቱን በድንጋይ አንዴ መታችው፤ አባቷ እንደሚያደርገው። ከወጥ ቤቱ ቢላ ወሰደች።

መምህር ጋልጋሎ ያስተምር ነበር። አላንኳኳችም። አምባዛውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከመጽሐፉ አጠገብ አጋደመችው። የፊት ረድፍ ልጆች ወንበራቸውን ወደኋላ ሳቡ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«አጥፍቻለሁ ልትል ነው የመጣችው» አለ መምህሩ ቶሎ ብሎ። «አይደለም እንዴ?»

ውድነሽ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እናቷ በዚህ ሰዓት ምን እያለች እንደሆነ ታውቃለች።

«ቁልፉ ይኸው። ሥራውን ለፈለጉት ይስጡት» አለች። «አልሰረቅኩም።»

ቢላውን በስለቱ ይዛ እጀታውን ወደ መምህሩ ዘረጋች። አልተቀበላትም። ቱሪ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«ይቅደዱት» አለች ውድነሽ። «ሆዱን ይቅደዱትና ሁለቱን ዓሦች ለልጆቹ ያሳዩዋቸው። እዚሁ፣ እኔ ቆሜ።»